ዩቪ ፕሪንት፦ ደሴ ላይ ደንበኞቻችን ደጋግመው የሚጠይቁን

ደሴ ላይ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ቀለሙን በብርሃን እያጠነከረ እንጨትም መስታወትም ላይ የሚያትመው ዩቪ ማሽን ከገባ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ እመልሳለሁ። ፀሐይ ይችላል ወይ? ከባነሩ በምን ይለያል? ለምን ተወደደ? ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ማሽኑ ላይ አድርጌ ስለምመልስ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው ብዬ ነው። ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ እየደወላችሁ ለምትጠይቁም መልሱ እዚሁ አለ።

ዩቪ ማለት ምን ማለት ነው?

አልትራቫዮሌት ለማለት ነው። ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። እኛ የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፤ ዩቪ ከ400 በታች ያለው ነው። ያገኘው ጀርመናዊው ዮሃን ቪልሄልም ሪተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1801። ብርሃን የሚያጠቁረውን የብር ጨው ይዞ በፕሪዝም የተበተነውን የፀሐይ ብርሃን ሲፈትሽ፣ ከሐምራዊው ጫፍ ወዲያ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ላይ ጨው ከሌላው ቦታ ይበልጥ ጠቆረበት። የማይታይ ነገር እዚያ እንዳለ ያወቀው በዚህ ነው።

እናንተም በየቀኑ ታገኙታላችሁ። ባንክ ቤት ብር የሚፈትሹበት ወይን ጠጅ መብራት ዩቪ ነው። ፀሐይ ላይ ስንውል ፊታችንን የሚያጠቁረንም እሱ ነው።

ታዲያ ብርሃን እንዴት ያትማል?

ብርሃኑ አያትምም። የሚያትመው ቀለም የሚረጨው ክፍል ነው፣ እኛ ሄድ የምንለው። የብርሃኑ ሥራ ቀለሙን ማጠንከር ነው። የዚህ ማሽን ጥቅሙም ጣጣውም የሚመጣው ከዚህች ነገር ስለሆነ ትንሽ ላብራራት።

የለመድነው ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲተን ነው። ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ማለት ነው። የባነር ቀለምም እንደዚያው ነው፤ ባነር ቤት ስትገቡ አፍንጫችሁን የሚመታችሁ ሽታ ከቀለሙ እየተነነ ያለው ሶልቨንት የሚባል ማቅጠኛ ፈሳሽ ነው። የዩቪ ቀለም ግን በመትነን አይደርቅም። ውስጡ ሞኖመርና ኦሊጎመር የሚባሉ ነገሮች አሉት፤ እጅ ለእጅ ለመያያዝ ዝግጁ ሆነው የሚጠብቁ አጫጭር ቁርጥራጮች በሏቸው። መልኩን የሚሰጠው የቀለም ዱቄትም አለ። ከእነሱ ጋር ፎቶኢኒሺየተር የሚባል ቅመም ይገባል። ዩቪ ሲያርፍበት ይሄ ቅመም ይሰበራል፤ ስባሪው አንዱን ሞኖመር ይነካል፣ የተነካው ቀጣዩን ይይዛል፣ እሱም ቀጣዩን፣ እንዲህ እየተያያዘ ፈሳሽ የነበረው ነገር ሰከንድ ሳይሞላ ጠንካራ ስስ ፕላስቲክ ይሆናል። አልደረቀም፤ ተለወጠ።

ፀጉር ቤት ሄዳችሁ ጄል ጥፍር ያሠራችሁ ይሄንን በዓይናችሁ አይታችኋል። ጄሉ መብራቷ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ለሰዓት ቢቆይም ይላወሳል፤ መብራቷ ሲነካው ግን ድንጋይ ነው። ጥርስ ሐኪም ቤት በሰማያዊ መብራት የሚያጠነክሩት ሙሌትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ እዚያ የሚጠቀሙት የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ማሽኑ ላይ ቆማችሁ ብታዩት እንዲህ ነው። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ሄዱ ከላዩ በሚሊሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ውስጡ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው የሚኮማተሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፤ በተኮማተሩ ቁጥር እንደ ፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ጠብታ ይገፋሉ። ጠብታዋ የምትለካው በፒኮሊትር ነው፣ ማለትም ሊትር ለአንድ ትሪሊዮን ሲከፈል። ከሄዱ ጎን የተገጠመው መብራት ደግሞ እግር በእግር እየተከተለ ያጠነክራታል። ማሽኑ እንዳለፈ ጣታችሁን ብታሳርፉበት አይለቅም። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ይሄን ሳላስነካው አልሸኝም።

መብራቱ ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። የድሮዎቹ የሜርኩሪ መብራት ናቸው። ይግላሉ፣ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ኦዞን የሚባል ሽታ ያለው ጋዝም ያወጣሉ። አዲሶቹ ኤልኢዲ ናቸው፤ አብዛኞቹ 395 ናኖሜትር አካባቢ ነው የሚያበሩት። ወዲያው ይበራሉ፣ ወዲያው ይጠፋሉ፣ ዕድሜያቸውም በጣም ይረዝማል። ለእኛ አገር ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የሜርኩሪው መብራት ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ በርዶ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ኤልኢዲው ግን ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ደግሞ ስለማይግል ስስ አክሪሊክ (መስታወት መሳዩን ፕላስቲክ) እና ሌላ ስስ ፕላስቲክ አያጣምምም። ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከኤልኢዲ ውጪ አታስቡ እላለሁ።

ምን ምን ላይ ይታተማል?

ጠፍጣፋ ከሆነና ማሽኑ ውስጥ ከገባ፣ አብዛኛው ነገር ላይ። እንጨት፣ አክሪሊክ፣ አሉኮቦንድ (በአሉሚኒየም የተለበጠ ሰሌዳ)፣ ፎም፣ ብርጭቆ፣ ሴራሚክ፣ ቆዳ፣ ብረት፣ የስልክ ከቨር፣ እስኪርቢቶ፣ ቁልፍ መያዣ። ረከቦት ላይ የሙሽሮችን ስም አትመናል፤ ለሠርግ ስጦታ ያምራል። ጠርሙስ የሚያሽከረክር መግጠሚያ ያላቸው ማሽኖች ክብ ዕቃ ላይም ያትማሉ።

ችግሩ ወጣ ገባ ያለው ዕቃ ነው። ሄዱ ከዕቃው በሁለት ሚሊሜትር ገደማ ርቀት ነው የሚሄደው። ጎድጓዳ ቦታ ሲደርስ ጠብታዋ ሩቅ ትወድቅና ትበተናለች፣ ጽሑፉም ይደበዝዛል። ከፍ ያለ ቦታ ሲደርስ ደግሞ ሄዱ ይላተማል፤ ሄድ ከተላተመ ለእኛ ሐዘን ነው፣ ከማሽኑ ሁሉ ውዱ ዕቃ እሱ ነው። አንዴ አንዲት ልጅ በእጅ የተሰፋ መሶብ ይዛ መጥታ ክዳኑ ላይ የእናቷን ስም እንድናትምላት ጠየቀችን። ስፌቱ እንደ ማሳ ትልም ነው፣ አይሆንም። ስስ እንጨት በክብ ቆርጠን እሱ ላይ አትመን ክዳኑ መሐል አስቀመጥንላት። መሶቡም አልተበላሸ፣ ስሙም ጥርት ብሎ ወጣ።

መስታወት ላይ ይለቃል ይባላል። እውነት ነው?

በደንብ ካልተሠራ፣ አዎ ይለቃል። ስለዚህ ጉዳይ ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ዩቪ ሁሉም ነገር ላይ ይይዛል» ተብሎ ይሸጥለታል።

ቀለሙ ወዲያው ስለሚጠነክር ወደ ዕቃው ውስጥ አይሰርግም። ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። እንጨት ስንጥቅጥቅና ቀዳዳ ስላለው ቀለሙን ይጨብጠዋል። መስታወት ግን ምንም የሚጨበጥ ነገር የለውም። እዚያ ላይ ፕራይመር የሚባል ማጣበቂያ በስሱ መቀባት ግድ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ መስታወቱ በአልኮል መጽዳት አለበት። የጣት ወዝ እንኳ መኖር የለበትም። መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ ካፌ ትልቅ መስታወት ሠራን። በሳምንቱ ደወሉልን፤ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ተነሥቷል። ሄጄ አየሁት። የተነሣው ክፍል ልክ የአውራ ጣት ቅርጽ ነበረው። ከተጠረገ በኋላ አንዳችን ስንሸከመው በባዶ እጅ ይዘነዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወት ያለ ጓንት የሚነካ ሰው የለም። ያንንም በራሳችን ወጪ ደግመን ሠራነው።

ከመስታወት የሚብሰው ጀሪካን ነው። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ምንም ነገር አያስጠጋም። በቀላሉ ለማወቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ከተዘረጋ ቀለሙም የመያዝ ዕድሉ ይሰፋል፤ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከተንከባለለ ቀለሙም እንደዚያው ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ከማተም በፊት ላዩን በነበልባል ቶሎ ቶሎ እያሳለፉ ወይም በልዩ ፕራይመር ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሥራችሁን ስትረከቡ መፈተን መብታችሁ ነው። ከትርፍ ቁራጩ ላይ በከተር አግድምና ቁልቁል እንደ ወንፊት ጫሩት። ስኮች ለጥፉበትና በአንዴ ንጠቁት። ቀለሙ ስኮቹ ላይ ከመጣ ሥራው አልተሠራም። ግን ፈተናውን በበነጋው አድርጉት፣ ቀለሙ ከታተመ በኋላም እስከ 24 ሰዓት ድረስ መያዙ ይጨምራል።

ከባነር ህትመት በምን ይሻላል?

በሁሉም አይሻልም። ድንኳን በር ላይ ሦስት ቀን ተሰቅሎ ለሚወርድ ባነር ዩቪ ምን ያደርጋል? በሶልቨንቱ አሳትሙት፣ ይረክስላችኋል።

ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኑና እዩን። ደሴ ጉም ለብሳ፣ ከጦሳ ተራራ ላይ ደመናው ወርዶ፣ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ሲያልብ፣ የሶልቨንት ህትመት ሳይደርቅ ተጠቅልሎ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስቲከሩን ላሚኔት ለማድረግ፣ ማለትም በስስ ፕላስቲክ ለመሸፈን፣ ደግሞ ሶልቨንቱ ተኖ እስኪያልቅ አንድ ቀን መጠበቅ አለበት፣ አለበለዚያ ውስጥ ታፍኖ ይነፋል። ደንበኛው ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ዩቪ ጋ ይሄ ሁሉ የለም። ከማሽኑ ወርዶ ወዲያው ይቆረጣል፣ ይገጠማል፣ መኪና ላይ ይጫናል።

ሁለተኛው ሽታ ነው። ክሊኒክ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ መኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰቀል ሥራ ከሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጨርሶ አይሸትም አልልም፣ አዲስ ሲሆን ትንሽ ይሸታል፣ ከሶልቨንት ጋር ግን አይወዳደርም።

ሦስተኛው ለእኛ ፊደል ነው፣ እኔን በግሌ የሚያስደስተኝም ይሄ ነው። ወረቀት ላይ ቀለም ይሰርግና ጠርዙ ይሰፋል። ዩቪ ጋ ጠብታዋ እንዳረፈች ስለምትቆም አትሰፋም። በላቲን ፊደል ይሄ ብዙም አይታይ ይሆናል። «ጨ»ን፣ «ዥ»ን፣ «ፀ»ን በትንሹ ስትጽፉ ግን ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። የቀለበቷ ቀዳዳ ተደፍና «ሜ» ይሁን «ሚ» የማይለየው ጽሑፍ ስንቱን ማኅተምና ስንቱን የመድኃኒት መለያ አበላሽቷል።

ነጭ ቀለም ለምን ተጨማሪ ያስከፍላል?

ወረቀት ላይ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ጥቁር አክሪሊክ ወይም ቡናማ እንጨት ላይ ቢጫ ብታትሙ ግን ቢጫው ይጠፋል፤ ከሥሩ ነጭ መነጠፍ አለበት። ስለዚህ ማሽኑ ተጨማሪ ዙር ይሠራል፣ ተጨማሪ ቀለምም ይበላል። ነጩ ቀለም ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ዱቄቱ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ዝም ከተባለ ይዘቅጣል፣ ሄዱንም ይደፍናል። በየጠዋቱ ጠርሙሱን እንደ እርጎ ቅል ነው የምንንጠው።

መስታወትና ጥርት ያለ አክሪሊክ ላይ አንድ ቆንጆ ዘዴ አለ። ምስሉን ገልብጠን ከጀርባ በኩል እናትመዋለን፣ መጀመሪያ ቀለሙን፣ ከላዩ ነጩን። ከፊት ስታዩት ምስሉ መስታወቱ ውስጥ ያለ ይመስላል። እጅም ፎጣም አይነካውም። ለቢሮ በርና ለታፔላ ሁልጊዜ ይሄን ነው የምመክረው።

በእጅ የሚዳሰስ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። ቀለሙ ስለማይሰርግ ንብብር ላይ ንብብር እየተደረበ ከፍ ይላል። የእንጨት ጉርብጥብጥ፣ የቆዳ መልክ፣ የወርቅ ጌጥ የሚመስል ጠርዝ ይወጣል። ቫርኒሽ የሚባለውን ቀለም አልባ ፈሳሽ በተመረጠ ቦታ ብቻ አድርገንም እናበራለን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ብሬል ነው። ለዓይነ ስውራን የሚነበበውን ነጥብ በዩቪ ቀለም ማንሣት ይቻላል፣ የአማርኛ ብሬልም አለ። የክፍል ቁጥር፣ የሊፍት ቁልፍ፣ የመጸዳጃ ቤት በር፣ የፋርማሲ መስኮት። ታፔላ ሊያሠራ ለሚመጣ ተቋም ሁሉ እናገራለሁ፤ ከጽሑፉ ሥር አንዲት መስመር ብሬል መጨመር ሥራውን ያን ያህል አያስወድደውም። እባካችሁ ሥሩት።

ፀሐይ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል?

እንደ ቀለሙና እንደ ቦታው ነው። ብዙ አምራቾች ደጅ ለሚውል ሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው የሚሉት፤ ላሚኔሽን ወይም ቫርኒሽ ሲደረግበት ይጨምራል። ቤት ውስጥ ግን ረጅም ዘመን ይኖራል።

እዚህ ግን ፀሐዩን አትናቁት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ዩቪ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ነው ብለን ፀሐዩ ደካማ ይመስለናል፣ አይደለም። ቀለሙን ያጠነከረው ያው ጨረር ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲደበድበው ደግሞ ይሰባብረዋል።

ፒያሳ ስታልፉ የቆዩ ማስታወቂያዎችን ልብ ብላችሁ እዩ። የልጅቱ ፊት ሰማያዊ ሆኗል፣ ቲማቲሙ ገርጥቷል። መጀመሪያ የሚሄዱት ቢጫና ቀዩ፣ ማጀንታ የሚባለው ናቸው፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ደጅ የሚሰቀል ታፔላ ስታስነድፉ ዋናውን ጽሑፍ፣ በተለይ ስልክ ቁጥሩን፣ በጥቁር ወይም በደማቅ ሰማያዊ አድርጉት። ሌላው ቢለቅ ቁጥሩ ይነበባል።

አንዲት እናት የባለቤታቸውን ፎቶና እብነ በረድ ይዘው መጡ። ለመቃብር ነው። «ልጄ፣ ለዘላለም የሚኖር አድርግልኝ» አሉኝ። ገንዘቡን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። «እትዬ፣ ይሄ ማሽን ለዚህ አይሆንም፤ ዓመት ሁለት ዓመት ያምርና ይገረጣል፣ ያኔ እንደገና ያዝናሉ» አልኳቸው። ስሙንና ቀኑን ድንጋዩ ላይ በመቅረጫ እንዲያስቀርጹ ነው የነገርኳቸው። ለመቃብር፣ ለመሠረት ድንጋይ፣ ትውልድ ለሚያየው ነገር ቀረጻ ይሻላል። የተቀረጸ ድንጋይ ምን እንደሚችል ላሊበላ አለላችሁ።

ቲሸርት ላይስ?

አይሆንም። የዩቪ ቀለም ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ለገላም አይመችም። ለልብስ ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ልብሱ ላይ የሚጣበቀውን) ወይም ስክሪን ፕሪንት (በወንፊት ጨርቅ የሚታተመውን) አሠሩ።

ስሙ የሚያሳስታችሁ ዩቪ ዲቲኤፍ የሚባለው ነው። እሱ ለልብስ አይደለም። ፊልም ላይ ታትሞ፣ እንደ ስቲከር ዕቃው ላይ ተለጥፎ፣ ፊልሙ ሲላጥ ቀለሙ ብቻ የሚቀርበት ነው። ማሽን ውስጥ ለማይገባ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለቴርሞስ፣ ለማር ማሰሮ፣ ለሞተር ሳይክል ራስ ቆብ ግሩም ነው።

የቡና ስኒ ላይ አትሙልኝ ብል?

ከውጭ በኩል፣ ከከንፈር ዝቅ አድርገን፣ አዎ። ከውስጥ ወይም ጠርዙ ላይ፣ ለምናችሁኝም ብትቆጡኝም አላትምም። በደንብ ያልጠነከረ ቀለም ውስጥ የቀረ ፎቶኢኒሺየተር ወደ ምግብ ሊሸጋገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ የሕፃናት ወተት ከገበያ የተሰበሰበው አይቲኤክስ የሚባል የዩቪ ቀለም ቅመም ከካርቶኑ ወደ ወተቱ ገብቶ ስለተገኘ ነው። ቀለሙ የታተመው ከውጭ ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ።

ደግሞ ስኒ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይቀዳበታል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይታጠባል። በሽቦ ማጠቢያ ካፈተጋችሁት ይሄዳል። ለዕለት መጠጫ የሚሆነው በእሳት የተተኮሰው የፋብሪካ ጌጥ ነው። የእኛ ለስጦታና ለመደርደሪያ ይሁን።

ለጤናስ?

ለእናንተ የጠነከረውን ሥራ መንካት ችግር የለውም። አደጋው እኛ ጋ ነው። ያልጠነከረው ፈሳሽ ቀለም ቆዳ ያሳክካል፤ ደጋግሞ የነካውን ሰው አለርጂ ሊይዘው ይችላል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። ጓንት፣ መነጽር፣ የተከፈተ አየር። መብራቱን በዓይን ማየትም ክልክል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ አዲስ የተቀጠራችሁ ልጆች፣ «እኔን ምንም አላደረገኝም» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የተጠረገበትን ጨርቅና የቆሻሻ ቀለሙን ደግሞ ቦይ ውስጥ አትድፉ፣ የቦርከናን ወንዝ ከታች የሚጠቀም ሰውም ከብትም አለ።

ዋጋው በምን ይሰላል? አንድ ፍሬስ ትሠራላችሁ?

በካሬ ነው፣ ትንንሽ ዕቃ ከሆነ በፍሬ። ነጭ፣ ቫርኒሽና ፕራይመር ሲጨመር ዋጋው ይጨምራል። አንድ ፍሬ እንሠራለን፣ አብሽሩ። ኦፍሴት የሚባለው የጅምላ ማተሚያ ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳ፣ ስለሚያስፈልገው አንድ ማተምና ሺህ ማተም መነሻ ወጪው እኩል ነው። ዲጂታል ፕሌት የለውም፤ ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ነው። አምሳ የስም ባጅ፣ እያንዳንዱ የተለያየ ስም ያለው፣ ለእኛ እንደ አንድ ሥራ ነው። አምስት ሺህ በራሪ ወረቀት ካላችሁ ግን ወደ ኦፍሴት ሂዱ፣ እኔ ጋ መጥታችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ፋይሉን እንዴት ልላክ?

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ስልክ ላይ ያማረው ሎጎ ሜትር ሲሞላ ጡብ ጡብ ይሆናል። ሎጎ ከሆነ ቬክተር (ቢያሳድጉት የማይደበዝዝ ፋይል) ይሁን፣ ካልሆነም ንጹሕ ፒዲኤፍ። ከፌስቡክ የወረደ ምስል አምጥታችሁ ማሽኑ እንዲያጠራው አትጠብቁ፣ ማሽኑ ያለውን ነው የሚያትመው።

አማርኛ ጽሑፍ ካለው ፊደሉን ወደ ቅርጽ ለውጣችሁ፣ ዲዛይነሮች አውትላይን የሚሉት፣ ላኩት። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ደግሞ ስም ሁለቴ አንብቡ። «ዓለም»ና «አለም»፣ «ኃይሌ»ና «ሀይሌ»፣ ባለቤቱ የሚጽፈውን እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ከታተመ በኋላ አይፋቅም፣ ፕላስቲክ ነው።

የማሽኑ ክፍል መጋረጃ ለምን ሁልጊዜ ይዘጋል?

ይሄን የሚጠይቁት እኛ ቤት ድረስ የሚመጡት ናቸው፣ ጥያቄውንም እወደዋለሁ። ፀሐይ ውስጥ ዩቪ አለ ብያለሁ። በመስኮት የገባ ጨረር ሄዱ ላይ ካረፈ፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ቀለም እዚያው ይጠነክራል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ውስጥ ፕላስቲክ ተተከለ ማለት ነው፣ ማውጫም የለውም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእኛ በር በኩል ስለምትገባ ጥቁር መጋረጃ አድርገናል።

መብራት ሲጠፋም የሚያስደነግጠን እሱ ነው። ሄዱ መሐል መንገድ ላይ፣ ማረፊያው ላይ ሳይመለስ ይቆማል። ለዚህ ዩፒኤስ፣ ኃይል ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ አለን፤ ሄዱን ወደ ማረፊያው ለመመለስና ለመክደን የሚበቃ ደቂቃ ይሰጠናል። ዩፒኤሱ እምቢ ካለ ደግሞ በእጅ ገፍተን፣ ጥቁር ጨርቅ አልብሰን እንጠብቃለን። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የደሴ ብርድ ቀለሙን ያወፍረዋል፤ ሄዱ 40 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ አንጀምርም። ስለዚህ የጠዋት ቀጠሮ ያላችሁ ከሦስት ሰዓት በኋላ ኑ፣ ስትገቡም መጋረጃውን መልሱልን።